በጎንደር ለስደተኛና ለተፈናቃይ ልጆች ማጠናከሪያ ለምታስተምሩ የሰንበት ተማሪዎችና የመስጊድ ወጣቶች

ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ገብተዋል። ከቀያቸው የተፈናቀሉ የአገራችን ሰዎችም በየከተማው ተጠልለዋል። ለእነዚህ ልጆች ደብተር ማሰባሰቡ ብዙም አይከብድም፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በመጀመሪያ የራሳችሁን ትምህርት ቤት አትክፈቱ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋው እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። በግቢያችሁ የተማረ ልጅ ግን መሸኛም ትራንስክሪፕትም አያገኝም፤ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ለፈተና የሚመዘገብበት ወረቀት የለውም። የእናንተ ድርሻ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባትና እዚያው ማቆየት ነው። ወረቀቱ የጠፋበት ካለ ምዝገባ ሳይዘጋ ከወላጁ ጋር ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂዱና ተፈትኖ በሚመጥነው ክፍል እንዲመደብ ጠይቁ። ሰው አብሯቸው ካልሄደ ብዙ ወላጆች «ወረቀት አምጡ» ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

ማጠናከሪያው ላይ ልጆችን በዕድሜም በነበሩበት ክፍልም አትከፋፍሏቸው፤ በንባባቸው ከፋፍሏቸው። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አጭር አንቀጽ አስነብቡት፤ ከሦስት ጊዜ በላይ ከተሳሳተ ወደ ቃላት፣ ቃላቱም ካቃቱት ወደ ፊደል ውረዱ። ለብቻው ይፈተን። ሌሎች እየሰሙ ከሆነ የ14 ዓመቱ ልጅ አፉን አይከፍትም፣ በማግስቱም አይመጣም።

ቋንቋው እንደየመጡበት ይለያያል። ትግርኛ ተናጋሪው ፊደሉን ያውቀዋል፤ ሀ ሁ ብሎ ማስጀመር ያሰለቸዋል፣ የሚጎድለው የአማርኛ ቃል ነው። ሱዳናዊው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፍ የኖረ ነው፤ እጁ አዲሱን አቅጣጫ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። ቁጥሩ ላይ ደግሞ ብዙ መምህር ልጁን ይበድለዋል። እነሱ ዘወትር በሚጽፉበት አሃዝ 5 ክብ ነው፣ ዜሮ ነጥብ ነው፣ 6 የእኛን 7 ይመስላል። ስሌቱን በትክክል የሠራ ልጅ መልሱ በቀይ ተሰርዞ ይመለስለታል፣ ሒሳብ እንደማይችልም ያምናል። ሁለቱን አሃዞች ትይዩ የጻፋችሁበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ አንዱን ለክፍሉ መምህር ስጡት።

በአንድ ቡድን ከ25 ልጅ አይለፍ፣ ሁለት አስተማሪ ይኑረው። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ስለሆነች አንድ ልማድ ከዚያ ውሰዱ፦ የኔታ ቀድሞ ያወቀው ልጅ ታናሹን እንዲያስጠና እንደሚያደርጉት፣ እናንተም ንባብ የቻሉትን ከጀማሪዎቹ ጋር አጣምሩ። ዓረብኛና አማርኛ የምትችል አንዲት ታዳጊ ካለች የሦስት አስተማሪ ያህል ታግዛችኋለች፤ እሷም የራሷ ትምህርት እንዳይጎድልባት ተጠንቀቁ። አስተማሪና ልጅ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጡ። የልጆቹንም ፎቶ አታሰራጩ፤ ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ የት እንዳለ እንዲታወቅ ላይፈልግ ይችላል።

ሃይማኖትን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። ደብተር ለማግኘት መጀመሪያ ጸሎት እንዲያደርስ የተገደደ ልጅ ተበድሏል። ወላጁ ይህን ሲሰማ እሱን ብቻ ሳይሆን እህቶቹንም ያስቀራቸዋል። የሙስሊም ልጆች ካሉ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ክርስቲያኖች ካሉ እሑድ ጠዋት ትምህርት አታድርጉ። ሻይና ዳቦ የምትሰጡ ከሆነ በረመዳን ለሚጾሙት የሚወስዱት አድርጉላቸው።

ብዙው ሥራ የሚፈርሰው አስተማሪዎቹ ሲበተኑ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፈተና ወይም ለዕረፍት ሲሄዱ ቡድኑ ያለ ሰው ይቀራል። ስለዚህ ከሁለቱ አስተማሪዎች አንዱ የከተማው ነዋሪ ይሁን፤ የት እንደተደረሰና ማን እንደቀረ በየቀኑ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ቤቱ ድረስ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውኃ መቅዳት ወይም ታናሽ መጠበቅ ነው። ሴት ልጅ በየወሩ በተመሳሳይ ቀናት የምትቀር ከሆነ የንጽሕና መጠበቂያ እንደሌላት አስቡ፤ ይህንንም ሴት አስተማሪ ትጠይቃት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖች፣ በመስከረም አንድ ጊዜ ለቦርሳ የምትልኩትን በወር በወር ከፋፍሉት፤ እስከ ሰኔ ድረስ የአስተማሪዎቹ ትራንስፖርት፣ ጠመኔና የንጽሕና መጠበቂያ ይግዛበት። ቦርሳው ለፎቶ ያምራል፤ የካቲት ላይ ክፍሉን የሚያስከፍተው ግን የትራንስፖርቱ ብር ነው።