ባሕር ሳናይ የባሕር ዳርቻ ድንጋይን መማር

ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፍጥረታት በቦታ እንዴት እንደሚሻሙ የሚያስረዱት ጥሩ ጥሩ ጥናቶች የተሠሩት ዓለታማ ባሕር ዳር ላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ባሕር የለም። አንዳንድ ተማሪዎቼ አያቶቻቸው ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በኮምቦልቻ አድርገው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ይነዱ እንደነበር ሰምተዋል። የባሕር ወሬያቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ትምህርቱን ወደ ቦርከና ወሰድኩት። ቦርከና ራሱ ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚበዛበት የመረጥኩት ከቤቶች ራቅ ያለ አንድ ገባሩን ነው። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፤ መምህር ከሆናችሁ በትንሽ ወጪ ትሞክሩታላችሁ።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የነገርኳቸው የሥነ ምህዳር ተመራማሪውን የጆሴፍ ኮኔልን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከምብሬ በምትባል ደሴት ዳርቻ ሁለት ዓይነት ባርናክሎች አሉ። ባርናክል የሸርጣን ዘመድ ነው፤ አንዴ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ እዚያው ኖሮ እዚያው ይሞታል። አንዱ ዓይነት ከላይ፣ ሌላው ከታች ይኖራል። ላየው ሰው እያንዳንዱ የሚስማማውን ቦታ የያዘ ይመስላል። ኮኔል ግን የታችኞቹን እየፈቀፈቀ አነሳቸው። ያኔ የላይኞቹ ዘመዶች ታችም ደህና አድርገው ኖሩ። ለካ ከታች የሚያጠፋቸው ውሃው ሳይሆን ጎረቤታቸው ነው። ጎረቤትየው ቶሎ ያድጋል፣ ላያቸው ላይ ይወጣል፣ ከሥራቸውም ይፈነቅላቸዋል። እሱ ደግሞ ወደ ላይ የማይዘልቀው ባሕሩ ሲሸሽ ድርቀቱን ስለማይችል ነው።

አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ባያነሳቸው ኖሮ በምን ያውቅ ነበር?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። ሥራችን የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ወንዝ ወርዶ ማየት ብቻ አይበቃም፤ የሆነ ነገር ማንሳት አለብን።

ከግንባታ የተረፈ የሴራሚክ ቁራጭ ለምነን አገኘን። የግማሾቹን ጠርዝ ዙሪያውን ቫዝሊን በወፍራሙ ቀባን፤ የቀሩትን እንዲሁ ተውን። ሁሉንም ጡብ ላይ አስረን ጅረቱ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ቀንድ አውጣ ቫዝሊን አይሻገርም። ከአሸዋ ቤት ሠርቶ ተሸክሞት የሚዞረው ትልም እንዲሁ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ዕፅዋት መሰል ነገር፣ አልጌን፣ ይግጣሉ። ውሃው ይዟቸው የሚመጡ ትንንሽ የነፍሳት እጮች ግን ቫዝሊኑ አያግዳቸውም፤ ስለዚህ ግጦሹን ሙሉ በሙሉ ዘጋን አልልም። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ በዓይን ታየ። የተቀባው ላይ አልጌው ወፍሮ ሲነኩት የሚያሟልጭ ሆነ። ያልተቀባው ተግጦ ነጩ ፈጥጦ ቀረ።

ይህን ካዩ በኋላ የሮበርት ፔይንን ታሪክ ስነግራቸው ገባቸው። ፔይን እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባሕር ዳር ከአንድ ዓለት ላይ ኮከብ ዓሣዎችን እየነቀለ ወደ ባሕር ይወረውር ጀመር። ኮከብ ዓሣው ሙስል የሚባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት ፍጥረት ይበላል። በላተኛው ሲጠፋ ሙስሉ ዓለቱን ሞላው፤ 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። ልጆቹ በላተኛ ከጠፋ ሁሉም ይበዛል ብለው ነበር የጠበቁት። የሚበዛው ግን ከተበዪዎቹ ጉልበተኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ ቦታ አጥተው ይወጣሉ። እኛ ያየነው የአልጌውን ውፍረት ብቻ ስለሆነ ፔይን ያየውን አየን ብለን አልጻፍንም። የአልጌውን ዓይነት መቁጠር ማይክሮስኮፕ ይዞ መቀመጥን ይጠይቃል።

እኔን ከሁሉም የሳበኝ የድንጋዮቹ ሥራ ነው። ዌይን ሱዛ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ደቡብ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ያሉ ድንጋዮችን በመጠን ለይቶ ተከታተለ። ትንንሾቹን ማዕበል ቶሎ ቶሎ ይገለብጣቸዋል፤ ቶሎ የሚበቅል ብቻ ይኖርባቸዋል። ትልልቆቹ ስለማይነቃነቁ በስተመጨረሻ አንድ ቀይ አልጌ ይወርሳቸዋል። ብዙ ዓይነት የተገኘው መካከለኞቹ ላይ ነው።

እኛም ሦስት መጠን መረጥን። በአንድ እጅ የሚነሳ፣ በሁለት እጅ የሚነሳ፣ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞም የማይገለብጠው። አናታቸው ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግን። ነጥቡ ወደ ታች ከዞረ ድንጋዩ ተገልብጧል ማለት ነው።

ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት ሥራችንን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄኛው እናቴም ታጥብበት የነበረ ነው፣ ንቅንቅ አይል። ያንን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይዞት ይሄዳል» አሉኝ። የጥፍር ቀለም የማይነግረንን የብዙ ዓመት መረጃ በአንድ አፍታ ሰጡን። ደግሞም ዓይኔን ከፈቱት። ትልቅና ጠፍጣፋ ድንጋይ ለማጠቢያ ይመረጣል። አይገለበጥም፣ ግን በሳሙናና በልብስ ይፈተጋል። ስለዚህ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ሰላም ያገኘ ድንጋይ ነው ማለት አይቻልም። የማጠቢያዎቹን ለይተን አወጣናቸው። «አብሽር፣ ያንተዎቹን አልነካብህም» ብለው ቃል ገቡልኝ፤ አልነኩብኝም።

የበልግ ዝናብ መጣና ትንንሾቹ ተገለባበጡ፤ አንዳንዶቹን ጨርሶ አላገኘናቸውም። መካከለኞቹ ሥር ብዙ ዓይነት ነፍሳት ነበር። ልጆቹ ሱዛ ትክክል ነው ብለው ጨፈሩ። እኔ ግን ስፋቱን እንለካ አልኳቸው፤ ሰፊ ድንጋይ ብዙ ነፍሳት መያዙ አይገርምም። ዘዴው ቀላል ነው። ድንጋዩን በፎይል ጠቅልሎ የተረፈውን መቁረጥ፣ ከዚያ ፎይሉን መመዘን። ክብደቱ ስፋቱን ይነግራችኋል። ለስፋት ስናካፍለው በትንሹና በመካከለኛው መካከል የነበረው ልዩነት በጣም ጠበበ።

ሱዛ አንድ ብልሃት ነበረው። ትንንሽ ድንጋዮችን እንዳይንከባለሉ አጣብቆ አቆማቸው፤ ቀስ በቀስ ትልልቆቹን መሰሉ። ልዩነቱን ያመጣው መጠኑ ሳይሆን መገልበጡ ነው ለማለት ያስቻለው ይሄ ነው። እኛም ፌሮ ቸክለን ትንንሾቹን በሽቦ ወንፊት አሰርናቸው። የታሰሩት ላይ የቀንድ አውጣ እንቁላል ተገኘ፤ በሚንከባለሉት ላይ አልነበረም። የተገለበጡት ግን ብዙም ሳይቆዩ በእጮች ተሞሉ። ባርናክል አንዴ ከተለጠፈ አይነሳም፤ የጅረት እጭ ግን ውሃው አምጥቶ ያወርደዋል። የባሕር ዳሩ ሕግ ወደ ወንዝ ሲመጣ እዚህ ላይ ይላላል። ባሕር ዳርም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። መካከለኛ መናወጥ፣ ማለትም እንደ ድንጋዩ መገልበጥ ያለ ሳይበዛ ሳያንስ የሚመጣ ረብሻ፣ የዝርያ ብዝኃነትን ያበዛል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የኮኔል የእ.ኤ.አ. 1978 ጽሑፍ ነው። ሌላው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጄረሚ ፎክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሐሳቡ ይቅር ብሎ ተከራክሯል። ሁለቱንም ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ የፈተና መልስ የቱ ነው ብለው አደረቁኝ።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ውሃው ከጠራበት ከጥቅምት ጀምሩና ከበልግ በፊትና በኋላ ቁጠሩ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ይዞ ወንዝ መውረድ አይታሰብም። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ከሚሴ በኩል ብልሃርዝያ ስላለ ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት የግድ ነው። ድንጋዩን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ በነበረበት ፊቱ መልሱት። የጥፍር ቀለሙን ደግሞ ደማቅ ቀይ አድርጉት፤ ሮዙ ውሃ ውስጥ አይታይም።