ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ጭሱን አብራችሁ እዩ

የዚህ ዙር ማስታወሻ ስለ አንድ አድካሚ ጸባይ ነው። ሞተሩ ጠዋት ደህና ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ቆሞ ሳለ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ከ700 ተነስቶ 1,200 ወይም 1,500 ዙር ላይ ይሰቀላል፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጭስ ይወጣል፣ ጋራዥ ሲገባ ደግሞ ጤነኛ ይሆናል። የምናወራው ፖምፓቸው (ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) በካቦ፣ ማለትም ከፔዳሉ በሚመጣ የብረት ገመድ፣ ስለሚታዘዝ የቆዩ የናፍታ ቶዮታዎች ነው፤ ሞተራቸው 3ኤል፣ 5ኤል፣ 1ኤችዜድ የሆነ። ነዳጃቸው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ሞተሮች፣ ስለ ኮመን ሬል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት እንላለን።

መጀመሪያ ሁላችንም የምንሳሳትበትን እናንሳ፦ የሚኒሞ ብሎኑን ማላላት። ብሎኑ በዳዶ የታሰረ ነው፤ በራሱ ጠዋት ላልቶ ከሰዓት አይጠብቅም። አላልታችሁት ሚኒሞው ቢወርድም በማግስቱ ሞተሩ በብርድ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም እዚያው አለ። አሁን ደግሞ የመነሻ ልኩንም አጥፍታችኋል። ስለዚህ ብሎኑ የመጨረሻው ሥራ ነው።

የናፍታ ሞተር ዙር የሚወሰነው በሚገባው ነዳጅ መጠን ነው። ዙሩ ጨመረ ማለት ከሆነ ቦታ ተጨማሪ የሚቃጠል ነገር ገብቷል ማለት ነው። ሰጪው ካቦው፣ የቅዝቃዜ ማስነሻው፣ የፖምፓው ገቨርነር (ፖምፓው ውስጥ ዙሩን የሚቆጣጠረው ክፍል)፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ሊሆን ይችላል። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ችግሩን ሲከሰት መያዝ ያስፈልጋል። ለሹፌሩ ትንሽ ደብተር ስጡትና ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱን፣ የሙቀት መለኪያውን ቦታ፣ ኤሲ መክፈቱን፣ ከዳገት ወይም ከቁልቁለት መምጣቱን፣ የጭሱንም ቀለም ይጻፍ። አምስት ወይም ስድስት መስመር ከአንድ ሙሉ ቀን ፍተሻ የበለጠ ያሳያል።

ዙሩ ከፍ እንዳለ መኪናው ከተገኘ ሞተሩን አታጥፉ። ኮፈኑን ክፈቱና የፖምፓውን ሊቨር (ካቦው የሚስበውን ክንድ) በጣት ወደ ሚኒሞ ብሎኑ ግፉ። ከወረደ ካቦው ነው፤ ሽፋኑ ውስጥ ጭቃና አቧራ ገብቶ ይይዘዋል፣ ወይም መላሽ ሞላው ደክሟል። ካቦውን ከሊቨሩ ፍቱትና በእጅ ሳቡት፤ መንሸራተት አለበት እንጂ መንከስ የለበትም። የእግር ምንጣፉ ፔዳሉን አለመያዙንም እዩ። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ ሚኒሞ የሚያነሳውን ትንሽ የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉና ድፈኑት፤ ዙሩ ከወረደ ጥፋቱ በዚያ መስመር ነው። በዚህ ክፍል ጭስ አይጠበቅም። ጭስ ካለ ቀጥሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ፖምፓው ጎን ላይ ያለው ባለ ሰም የቅዝቃዜ ማስነሻ ነው። የራዲያተር ውሃ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፍበታል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሚኒሞውን ያነሳል፣ የነዳጁንም ጊዜ ያስቀድማል፤ ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና ሁለቱንም ይለቃል። ሙቅ ውሃ ካልደረሰው ሞተሩ የቱንም ያህል ቢሞቅ ይህ ዕቃ ገና ጠዋት ይመስለዋል። ምልክቱ ከፍ ያለ ሚኒሞና ጠንከር ያለ የናፍታ ኳኳታ በአንድነት መምጣታቸው ነው። ሁለቱን ቱቦዎች በእጅ ዳስሱ፤ ሁለቱም መሞቅ አለባቸው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ በዝገት ተደፍኗል (ያለ ኩላንት ተራ ውሃ ብቻ ሲሞላ የሚመጣ ነው)፣ ወይ ውሃው ጎድሎ አየር ይዞታል። ለማረጋገጥ የማስነሻውን ሊቨር በካቻቢቴ ወደ ኋላ መልሱና በሊቨሩና በሰሙ ዘንግ መካከል ከ8.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት አስገቡ። ሚኒሞው ወዲያው ወደ ልኩ ከወረደ ሰጪውን አገኛችሁት።

ግን ውሃው ለምን ጎደለ? ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ክፍት ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሃውን ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ከደረቀ ከጊቤ ሸለቆ ወደ አበልቲ የሚወጣው ዳገት ላይ ውሃው ፈልቶ ይወጣል፤ ደጋው ላይ ሲደረስ ሚኒሞው ይሰቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ክዳን ተቀይሮም ከጎደለና ጠዋት የሚወጣው ነጭ ጭስ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠርጠር። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ አስነሱ፣ አምስት ደቂቃ ውሃውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚወጣው አየር ያቆማል፤ ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያው ጋዝ ማስነሻው ጋ ተከማችቶ ሚኒሞውን ያነሳዋል። ሁለት የሚመስሉት ችግሮች አንድ ናቸው፤ ማስነሻውን ብቻ የቀየረ ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። ትኩስ ራዲያተር በምንም ምክንያት አትክፈቱ።

ዙሩ ተሰቅሎ ሳይቆይ 600፣ 900፣ እንደገና 600 እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ነዳጁ አየር ይስባል። ጭሱ ነጭ ወይም ግራጫ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ያልተቃጠለ ናፍታ ይሸታል። ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ስበት ስላለበት ሲቀደድ ናፍታ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ደረቅ መስመር ጤነኛ መስመር ነው ብላችሁ አትለፉ። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ናፍታ የሚችል የሚያሳይ ቱቦ አስገቡና አረፋ ፈልጉ። አረፋ ካለ አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍታ በጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ማስገቢያውንም መመለሻውንም ወደ እሱ አድርጉ። ውዝዋዜው ከቆመ ጥፋቱ ከፊልትሮው ጀምሮ እስከ ታንከሩ ባለው መስመር ነው፤ የፊልትሮው የእጅ ፖምፓ ሸራ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ)። በጀሪካንም ካልቆመ የፖምፓው ሊቨር የሚዞርበት ዘንግ ላስቲክ ይታይ፤ እየሠራ ሳለ በብሩሽ ናፍታ ስትቀቡት ዙሩ ከተለወጠ እሱ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ከፊልትሮው ሥር 200 ሚሊ ሊትር ያህል በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቅዱና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከታች ይለያል። ዝናብ በበዛበት አገር ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን ሲቀመጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። የዚህ ፖምፓ ማለስለሻ ራሱ ናፍታው ነው፤ ውሃ ሲገባ ገቨርነሩ ይዝግና ይይዛል፣ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ አንድ ጊዜ ረገጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ይወርዳል። ይህ ምልክት ከታየና ካቦውና ማስነሻው ንጹሕ ከሆኑ ፖምፓው ወደ ካሊብሬሽን (የፖምፓ ማስተካከያ) ይሂድ። ቤት ውስጥ የሚከፈት ዕቃ አይደለም።

አራተኛው አደገኛው ነው። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ዙሩ ከጨመረ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየበላ ነው። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ አሽትቱት፤ ፖምፓው በጥርስ በሚዞርባቸው እንደ 1ኤችዜድ ባሉ ሞተሮች የዘንጉ ላስቲክ ሲያረጅ ናፍታ ወደ ዘይቱ ይገባል። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፤ ናፍታ ካለበት በጥቁሩ ዙሪያ ፈዛዛ ቀለበት ይዘረጋል። እንዲህ ያለ ዘይት ይቀየራል እንጂ አይቀነስም። ቀጥሎ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ከአየር መግቢያው ንቀሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ዙሩ ወርዶ ጭሱ ከቀነሰ ዘይቱ የሚመጣው በዚያ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ጨርሷል ወይም ዘይቱ በዝቷል። ካልተለወጠና ሞተሩ ቱርቦ ካለው የቱርቦው ላስቲክ ይታይ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ዘይት የሚበላ ሞተር ቁልፍ ቢዘጋም ላይጠፋ፣ ዙሩም እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ምርመራውን ከመጀመራችሁ በፊት የአየር መግቢያውን የሚደፍን ወፍራም ጣውላ አጠገባችሁ ይኑር። እጅም ጨርቅም አይሆንም፣ ይስበዋል። በእጅ ማርሽ መኪና ከሆነ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን አጥብቆ ይዞ ፍሪሲዮን መልቀቅ ያጠፋዋል።

ጥቁር ጭስ ከከፍተኛ ሚኒሞ ጋር እምብዛም አይገናኝም። አየር ፊልትሮውን እዩ፣ ቀጥሎ ኖዝሉን (ናፍታውን የሚረጨውን)። ከፍታችን ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ሲጫን ያጨሳል። «ጉልበት ይጨምር» ተብሎ ፖምፓው የሚሰጠውን ናፍታ ማስጨመር ጉልበቱን ሳይሆን ጥላሸቱንና ሙቀቱን ነው የሚጨምረው።

ኮመን ሬል ላይ የኖዝል ቱቦ ዳዶ ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል፣ ቆዳ ይበሳል። በዚያ ፈንታ ሌሊቱን ያደረ መኪና ላይ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክታችሁ የውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት አነጻጽሩ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የውሃው ሴንሰር በጣም ቀዝቃዛ ካነበበ ሚኒሞ የሚያነሳው ኮምፒውተሩ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ ኤሲና መብራት አጥፉ፣ የማስነሻው ሊቨር ሙሉ በሙሉ መልቀቁን እዩ። ያኔ የሚኒሞ ብሎኑን ዳዶ አላሉና መኪናው በሚፈልገው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ650 እስከ 800 ዙር ባለው ውስጥ አስተካክሉ። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ይዞራል።