ደሴ ላይ እሬት ማዳቀል፦ ከአበባ ብናኝ እስከ መደብ

የምፈልገውን አስቀድሜ በወረቀት ላይ አሰፈርኩ፦ የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚችል፣ የቅጠሉ ቁመት ከጉልበት የማያልፍ፣ ከሥሩ ልጆች የሚያወጣ፣ አበባው ብርቱካናማ ወይም ሁለት ቀለም ያለው እሬት። ይህን መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል። ግን የማዳቀል ሥራ አብዛኛው ድካሙ መጣል ላይ ነው፤ ምን እንደሚጣል አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁሉም ችግኝ ያሳሳል፣ መደቡም በመካከለኛ ነገር ይሞላል።

ለእናትነት የመረጥኩት አሎ ደብራናን ነው። በወሎ፣ በሸዋ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋ፣ አፈሩ በሳሳበት ድንጋያማ ሣር መሬት ላይ የሚበቅለው ግንድ የለሹ እሬት ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ቀይ፣ የአበባ አገዳው ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ነው። ጉድለቱ ልጅ በማውጣት በኩል ቆጣቢ መሆኑ ነው። አባቱ አሎ ካምፐሪ ነው፤ አገሩ ኤርትራና የሰሜን ኢትዮጵያ ተዳፋት ሲሆን አጭር ግንድ አውጥቶ ከሥሩ ብዙ ልጅ እያወጣ ይሰፋል፣ አበባው ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ነው። ደሴ ላይ ግን ውርጭ ሲመታው የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞታል ማለት ነው።

በየቤቱ ያለው አሎ ቬራ ለምን አልሆነም ለሚል፦ አሎ ቬራ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይዝም፣ ብናኙም ደካማ ነው። በእሱ አንድ የአበባ ወቅት ማባከን አያስፈልግም። ወላጆቹንም ከተራራ ነቅላችሁ አታምጡ፤ የበሰለ ፍሬ ጥቂት ዘር ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የፈተነኝ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አለማበባቸው ነው። እኔ ዘንድ ካምፐሪው ቀድሞ አብቦ ሲጨርስ ደብራናው ገና አገዳውን እያወጣ ነበር። እዚህ ላይ የአካባቢያችን አቀማመጥ ይረዳል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በማሰሮ የተተከሉ ሁለት የደብራና እግሮችን ወደ ኮምቦልቻ አወረድኩ። የእነሱ አገዳ ደሴ ከቀሩት እህቶቻቸው ቀድሞ ወጣ፤ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ባይዘጋውም አጠበበው። የቀረውን በብናኝ ማስቀመጥ ሸፈንኩ።

ብናኝ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። አበባው በተከፈተበት ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ብናኝ የያዙትን ጫፎች በጉጠት ቆርጬ በወረቀት ላይ አፈሳለሁ። ወረቀቱን አጥፌ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሦስት አራቱን ጨምሬ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ለ24 ሰዓት ጥላ ቦታ አኖረዋለሁ። ከዚያ ብልቃጡ እንደተከደነ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ካልተስተካከለ ላብ ይይዘዋል፣ የራሰ ብናኝ ደግሞ ፈንድቶ ይሞታል። የመጀመሪያውን ዙር ያበላሸሁት በዚህ ሳይሆን ከዚህ በባሰ ስህተት ነው፤ ሳላደርቅ በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥኩትና በሳምንቱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆኖ አገኘሁት።

የእሬት አበባ ወንዴው ቀድሞ ይበስላል። ስድስቱ የወንዴ ዘንጎች በተራ ወጥተው ብናኛቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው የሴቴዋ ዘንግ ረዝማ ከአበባው አፍ ብቅ የምትለው፤ ጫፏ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ ሲታይ ለመቀበል ዝግጁ ናት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አበባው ከተከፈተ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ቀድሞ መቀባት ጥቅም የለውም። እሬት በአብዛኛው የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ያም ሆኖ ንብና ማር ቀሳሚ ወፎች የጎረቤት እሬት ብናኝ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ አገዳውን አበቦቹ ከመከፈታቸው በፊት ከአሮጌ አጎበር በተሰፋ ከረጢት እሸፍናለሁ፤ ታችኛው አፍ በክር ካልታሰረ ንብ ከታች ይገባል።

የምቀባው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። በለስላሳ ብሩሽ ብናኙን አንስቶ ጠብታዋን መንካት ብቻ ነው፤ በማግሥቱ እደግመዋለሁ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ከታች በኩል ቀድመው የሚከፈቱትን ከ10 እስከ 15 አበባ ብቻ አስቀርቼ የላይኛውን እቆርጣለሁ፤ ካልተቆረጠ ፍሬው ይበዛና ዘሩ ይቀጭጫል። በበልግ ዝናብ ቀን መቀባት ከንቱ ነው፤ ከቀባሁ በኋላ ድንገት ከዘነበ ያንን አበባ እንዳልተቀባ እቆጥረዋለሁ።

ምልክት ላይ አትቆጥቡ። በየአበባው አንገት ባለ ቀለም ክር፣ በየአገዳው ደግሞ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ ልሙጥ ታርጋ። በእስክሪብቶ የተጻፈ በደሴ ፀሐይ አንድ ክረምት አይሻገርም። በምስማር ጫፍ ተጭኖ የተጻፈ ግን አይጠፋም። ቅደም ተከተሉ እናት መጀመሪያ፣ አባት ቀጥሎ፣ ከዚያ ቀኑ።

ፍሬው በሁለት ወር አካባቢ ይበስላል። አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሲዞርና ጫፉ ሊሰነጠቅ ሲል በሻሽ እጠቀልለዋለሁ፤ ዘሩ ክንፍ ያለውና ቀላል ስለሆነ አንድ ከሰዓት ነፋስ ይጨርሰዋል።

መዝሪያው ድብልቅ ሁለት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በወንፊት የተነፋ ኮምፖስትና አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ነው። አሸዋው ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ መታጠብ አለበት፤ ደለሉ ከቀረ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ድብልቁን በብረት ድስት ላይ ለ30 ደቂቃ በእንፋሎት አበስለዋለሁ። ዘሩን በላዩ በትኜ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ደቃቅ ጠጠር አለብሰዋለሁ፣ ሳህኑንም ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ከታች እንዲጠጣ አደርጋለሁ። በላስቲክ ሸፍኜ ኮምቦልቻ ያስቀመጥኩት በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀለ። ደሴ የቀረው ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወር ሊሞላው ነበር፣ ያውም አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ።

ከበቀለ በኋላ ያለው አንድ ወር ነው አብዛኛውን የሚጨርሰው። ችግኙ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ የቋጠረ መስሎ ይሳሳና በአንድ ሌሊት ይተኛል። ሻጋታ ነው፤ በአንድ ጥግ ከታየ በሦስት ቀን ሳህኑን ያዳርሳል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ግማሹ እንደበቀለ ላስቲኩን ማንሳት ሲገባኝ የቀረውም ይውጣ ብዬ ተውኩት። አሁን ሲሦው ሲበቅል ላስቲኩን በቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት እያልኩ በሳምንት ውስጥ አነሳዋለሁ። የታመመውን ጥግ ከነአፈሩ በማንኪያ ዝቄ አወጣለሁ፣ በቀረው ላይ ማንኮዜብ የተባለውን የሻጋታ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጬ አርከፈክፋለሁ። ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደየራሱ ማሰሮ ይዛወራል፤ ከተዛወረ በኋላ ለአምስት ቀን ውሃ አይሰጠውም፣ የተበጠሰው ሥር መድረቅ አለበት።

መደብ ላይ ሲወጣ ጠላቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለእሬት ሁለቱም አይመቹም። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ፣ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይበቃል።

ከዘር እስከ መጀመሪያው አበባ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል። ቅጠልን አይቶ መጣል ግን በሁለተኛው ዓመት መጀመር ይቻላል። ታኅሣሥን ያለ ምንም ሽፋን አሳልፌ ጫፉ የጠቆረውን ነቀልኩ። እሾሁ የበዛበትን፣ ሚዛኑ ወደ አንድ በኩል ያጋደለውን ነቀልኩ። ወደ 80 ከሚጠጉት ችግኞች እስከ አበባ የደረሱት 14፣ ከአበባ በኋላ የተረፉት 3 ናቸው። መንታ ቀለም ያለው አበባ የሚያወጣ ሌላ አንድ እግርም ነበር፤ በአምስት ዓመት አንድም ልጅ ስላላወጣ እሱም ተጣለ። እሬትን በሕፃናት ጡት ማስጣያነት ወይም በመቃብር ላይ ብቻ ለሚያውቅ ገዢ በደጁ እንዲተክለው ለማሳመን አንድ እግር አይበቃም፤ ደጅ ሙሉ የሚያበዛ ዝርያ ያስፈልጋል።

የመረጣችሁትን በዘር አታባዙ። ዘሩ እናቱን አይመስልም፤ የሚባዛው በልጅ ወይም በቁርጥ ነው። ልጅ የሚዘገይ ከሆነ መሐል ቀንበጡን በንጹሕ ቢላ ቆርጦ ከሰል ዱቄት መነስነስ ጎን ቡቃያ ያስወጣዋል። ቁርጡ ለአንድ ሳምንት ጥላ ላይ ደርቆ ነው የሚተከለው። ሁለተኛ ትውልድ ለመሞከር ደግሞ አንዱን ድቅል ከራሱ ልጆች ጋር ማዳቀል ፍሬ አይሰጥም፤ ከአንድ እግር የተቀነሱ ልጆች ሁሉ አንድ ተክል ናቸውና። ሁለት የተለያዩ ወንድማማች ድቅሎችን ያዙ።

ቅጠል ወይም አበባ ላይ እንደ ኪንታሮት የተጨማደደ እብጠት ካያችሁ ማይት የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይ ናት። ሳሙና አይነካትም፤ እስከ ጤነኛው ሥጋ ቆርጦ ማቃጠልና ቢላውን በአልኮል መጥረግ ነው።

የተረፉትን ሦስቱን በሁለቱም ከተማ ተክያቸዋለሁ። ደሴ ላይ በብርድና በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉ ነሐስ የሚመስል ቀይ ይዞ የነበረው ቁጥር 2፣ ኮምቦልቻ ውሃ በሚጠጣ መደብ ላይ በሦስት ወር ውስጥ ተራ አረንጓዴ ሆነ። አበባው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፦ አፉ ቢጫ፣ አንገቱ ቀይ። ስለዚህ በዝርያው መግለጫ ላይ የጻፍኩት አበባውን ብቻ ነው።