እጄ ለምን ወረደ?

ዛሬ ቀኝ ጎኔን እያመመኝ ነው። ስስቅ ይብስበታል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሁለት ዓመት ቦክስ ስለሠራሁ ብቻ ትግል የሚሠራውን ልጅ "ና እስኪ ቀለል አድርገን እንጋጠም" ያልኩት እኔው ነኝ።

ልጁ በክብደት ከእኔ ያንሳል። ቡጢው ቀሽም ነው፤ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስቴ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩበትና ደስ አለኝ። ከዚያ ድንገት ዝቅ ብሎ ሁለት እግሬን አቀፈና ጣለኝ። ተነሳሁ። ደገመኝ። ሠለሰኝ።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን መውደቁ አይደለም። ከሦስተኛው በኋላ ልጁ ትከሻውን ዝቅ ባደረገ ቁጥር እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። እግሬን ሊይዝ ነው ብዬ ነዋ! እሱ ግን ለመያዝ አልመጣም። በዚያ ቀሽም ቡጢው ፊቴን አገኘው። ሌላ ቀን ቢሆን እያዛጋሁ የማመልጠው ቡጢ ነበር።

አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የድሮ ግጥሚያዎችን ማየት ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ቡጢም ትግልም በሚፈቀድበት በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገባ። በማነቅና ክንድ በመጠምዘዝ የሚታገልበት የጁጂትሱ ሰው ሮይስ ግሬሲ ጣለውና ላዩ ላይ ወጣ። ጂመርሰን ሳይታነቅ፣ ክንዱም ሳይጠመዘዝ እጅ ሰጠ። ድሮ ሙድ እይዝበት ነበር። ዛሬ አልሳቅኩም፤ ጎኔ ስላመመኝ ብቻም አይደለም።

ያኔ ብዙ ሰው ጁጂትሱን የሚችለው የለም አለ። ቀጥሎ እንደ ማርክ ኮልማን ያሉ ትግል ያደጉበት ሰዎች መጡ። ጥለው፣ ከላይ ሆነው በቡጢ ይወቅጣሉ። ኮልማንን ደግሞ በ1997 ኪክቦክሰኛው ሞሪስ ስሚዝ አሸነፈው። ይህን ግጥሚያ በጣም እወደዋለሁ። ስሚዝ ወድቋል፣ ከሥር ሆኗል። ግን አልተደናገጠም። ከሥር ሆኖ መቆየትን፣ ከዚያም መነሳትን ተምሮ ነው የመጣው። ኮልማን ትንፋሽ ሲያጥረው ስሚዝ ቆሞ ካልቾና ቡጢውን ቀጠለ፤ በዳኞች ውሳኔም አሸነፈ። ኮልማንን በትግል መብለጥ አላስፈለገውም።

ሮንዳ ራውዚ በ2015 በቦክሰኛዋ በሆሊ ሆልም የተሸነፈችውም እንዲሁ ነው። ራውዚ በጁዶ ለመያዝ በቀጥታ ትሮጣለች። ሆልም ወደ ጎን ፈቀቅ እያለች በግራ እጇ ትቀበላታለች። በሁለተኛው ዙር አንገቷ ላይ ባረፈ ካልቾ ጣለቻት።

ከሁሉም ደጋግሜ ያየሁት ግን የ2018ቱን የካቢብና የማክግሪጎርን ግጥሚያ ነው። ሰው የሚያስታውሰው አራተኛው ዙር ላይ ካቢብ የማክግሪጎርን አንገት ይዞ እጅ እንዳሰጠው ነው። እኔ ሁለተኛው ዙር ላይ ቀረሁ። እዚያ ካቢብ፣ ታጋዩ፣ ማክግሪጎርን በቀኝ ቡጢ መሬት ላይ አስቀመጠው። በቡጢ የሚፈራው ማን ነበር? ማክግሪጎር! የመጀመሪያውን ዙር ግን አብዛኛውን ከሥር ሆኖ አሳልፏል። በልቡ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል፤ እኔ ግን የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ።

ሞሐመድ አሊም በ1976 ከጃፓናዊው ታጋይ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ተጋጥሞ ነበር። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር በካልቾ ሲደበድብ ዋለ። 15 ዙር ሙሉ! አሊ የሚመታው ፊት አጣ። አቻ ወጡ። አሊን ካስቸገረው እኔማ ማን ነኝ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ልጁ ቅድም መልእክት ላከልኝ። "ጃብ አሳየኝና ከሥር መነሳት አሳይሃለሁ። ሐሙስ?" ይላል። ጃብ በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚወረወረው ፈጣን ቡጢ ነው። እሺ አልኩት። ጎኔ እስከ ሐሙስ የሚሻለው ግን አይመስለኝም።