ቢጫና ሰማያዊ መካከል ላይ አመድ ሲሆኑ

ሐይቅ ከተማ የምትኖረው አክስቴ መሶብ ትሰፋለች። አክርማውን ከመንከሯ በፊት ቀለማቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚመስሉ በስልኳ የምታይበት ትንሽ ፕሮግራም እንደምሠራላት ቃል ገብቼላት ነበር። የጠየቀችኝ ከቢጫ ተነሥቶ ሰማያዊ ላይ የሚያርፍ፣ በመካከሉ ሦስት ሽግግር ያለው ዙር ነው። ደሴ ተመልሼ የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት አንድ ምሽት ኮዱን ጻፍኩት፤ መካከለኛው ሽግግር ግን አመድማ ሆኖ ወጣ። ምስሉን ስልክላት ወዲያው ደወለችና «አንተ ልጅ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ አረንጓዴ እንጂ አመድ ይወጣል እንዴ?» አለችኝ።

ድምሩ አልተሳሳተም። ስክሪን ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን መጠን፣ ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች በሚገልጽበት በአርጂቢ፣ ጥርት ያለው ቢጫ 255፣ 255፣ 0 ሲሆን ጥርት ያለው ሰማያዊ 0፣ 0፣ 255 ነው። ቁጥሮቹን በየተራ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው 128፣ 128፣ 128 ያገኛል፤ ሦስቱ እኩል የሆኑበት ቀለም ደግሞ ምንጊዜም ግራጫ ነው። አክስቴ የምታውቀው አረንጓዴ የሚገኘው በንክር ነው፤ ማቅለሚያ ከወደቀበት ብርሃን ከፊሉን ስለሚውጥ፣ ሁለቱ ማቅለሚያዎች ሳይውጡት የሚተርፈው በአብዛኛው አረንጓዴው ይሆናል። ስክሪን ግን ብርሃንን በብርሃን ላይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጋማውን፣ ማለትም ቁጥሩ ከሚወጣው ብርሃን ጋር የሚዛመድበትን ሕግ ነበር። ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው የአርጂቢ ዓይነት፣ ኤስአርጂቢ (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ የሚይዛቸው ቁጥሮች የብርሃን መጠን አይደሉም። ዓይናችን በጨለማው በኩል ያለውን ልዩነት የበለጠ ስለሚለይ፣ ካሉት 256 ደረጃዎች ብዙዎቹ ለጨለማው ወገን ተሰጥተዋል፤ ስለዚህ 128 የሚያወጣው ብርሃን 255 ከሚያወጣው ግማሹን ሳይሆን 21.6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ብርሃንን በትክክል መደባለቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን አስቀድሞ መፍታት አለበት፦ ለ255 ያካፍለዋል፤ ውጤቱ ከ0.04045 ካልበለጠ ለ12.92 ያካፍለዋል፤ ከበለጠ ግን 0.055 ጨምሮ፣ ለ1.055 አካፍሎ፣ ወደ 2.4ኛ ኃይል ያነሣዋል። ከደባለቀ በኋላ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብዙ ኮድ 2.2 የሚል አንድ ኃይል ብቻ ተጠቅሞ ያልፋል፤ በዓይን እምብዛም አይለይም፣ ለጥቁር በቀረቡ ቀለማት ላይ ግን ይስታል።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ያገኘሁት 188፣ 188፣ 188 ነው፤ ያው አመድ፣ ብቻ የነጣ አመድ። ሥራው በከንቱ አልቀረም፤ ፎቶ ማሳነስና ማደብዘዝ ያለዚህ ፍቺ ጠርዞችን ያጠቁራል። የአክስቴ ችግር ግን የብርሃን ሳይሆን የመንገድ ነበር፤ ሦስቱን ቁጥሮች እንደ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ብንወስዳቸው ቢጫና ሰማያዊ በሚፈጠረው የአርጂቢ ኩብ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ማዕዘኖች ስለሆኑ፣ በመካከላቸው የሚሄድ ቀጥታ መስመር በግራጫው ልብ ውስጥ ማለፉ የማይቀር ነው።

ስለዚህ ወደ ኦኬላብ ሄድኩ። ብዮርን ኦቶሶን በታኅሣሥ 2020 ይፋ ያደረገው ይህ ከለር ስፔስ (ቀለማትን በቁጥር የማስቀመጫ ዘዴ)፣ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ሲአይኢ በ1976 ካጸደቀው ላብ ከተባለ ሌላ ዘዴ ጋር አንድ ዓላማ አለው፤ እኩል የቁጥር ርቀት ለዓይን እኩል ልዩነት ሆኖ እንዲታይ። የስሌቱ ቅደም ተከተል አጭር ነው፤ የተፈታው አርጂቢ በሦስት በሦስት ማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ይባዛል፣ የእያንዳንዱ ውጤት ሦስተኛ ሥር (ኩብ ሩት) ይወሰዳል፣ ከዚያ በሌላ ማትሪክስ ይባዛል። የሚገኙትን ሁለት የቀለም ቁጥሮች ወደ ማዕዘንና ርቀት ስንቀይራቸው ብሩህነት፣ ክሮማ (የቀለሙ ጥርት) እና ሂዩ (የቀለሙ ዓይነት፣ በዲግሪ) ለየብቻ ይወጣሉ። የቢጫው ሂዩ 110 ዲግሪ፣ የሰማያዊው 264 ግድም ነው፤ መካከላቸው 187 ላይ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አረንጓዴ ተቀምጧል። አክስቴ «ይኸው፣ ብዬህ አልነበር?» አለች፤ እኔም የተገጣጠመው በንክር ሕግ ሳይሆን በማዕዘን አቀማመጥ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

ነገር ግን ያ መካከለኛ ቀለም ወደ ኤስአርጂቢ ሲመለስ ቀዩ ከዜሮ በታች ወረደ፤ ይኸውም ስክሪኑ ሊያሳየው የማይችለው ቀለም ነው ማለት ነው። ዝም ብሎ ዜሮ ላይ መቁረጥ ቀላል ቢሆንም ብሩህነቱንም ሂዩውንም ያዛባል። እኔ የመረጥኩት ብሩህነቱንና ሂዩውን ይዞ፣ ሦስቱም ቁጥሮች በዜሮና በአንድ መካከል እስኪገቡ ድረስ የፍለጋውን ክልል በየጊዜው ለሁለት እየከፈሉ ክሮማውን መቀነስ ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋቱም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

ለመሆኑ ቀለምን በሂዩ፣ በጥርትና በብሩህነት የሚገልጸው የተለመደው ኤችኤስኤል ለምን አልበቃህም የሚለኝ አይጠፋም። እሱም ሂዩ አለው፤ ብሩህነቱ ግን ይዋሻል። ለጥርት ቢጫም ለጥርት ሰማያዊም 50 በመቶ ይሰጣል፣ አንጻራዊ የብርሃን መጠናቸው ግን 0.9278 እና 0.0722 ነው። የቀለሙን ስም በነጭ ፊደል ላዩ ላይ ስጽፍ በሰማያዊው ላይ ቁልጭ ብሎ ተነበበ፣ በቢጫው ላይ ግን ጭራሽ አልታየም። ሌላው የሂዩ ወጥመድ ክብነቱ ነው፤ 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ ሁለቱም ቀይ ሆነው ሳለ፣ በተራ ድምር አማካያቸው 180 ይሆንና በቀይ አክርማ መካከል ውሃ አረንጓዴ ይሰነቀራል። ልዩነቱ ከ180 ሲበልጥ ከትልቁ ላይ 360 መቀነስ ይበቃል።

የተስተካከለውን ዙር ሳሳያት አክስቴ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከሦስቱ ሽግግሮች ሁለቱን ወሰደች፤ መካከለኛውን ግን «እንዲህ ያለ ቀለም ገበያ አይገኝም» ብላ ተወችውና በቦታው ያልተነከረ ነጭ አክርማ አስገባች።