ሦስቱ ክቦች አንድ ነጥብ ላይ ለምን አይገናኙም፦ የርዕደ መሬትን መነሻ ስፈልግ የተማርኩት

የርዕደ መሬትን መነሻ ከሦስት ጣቢያዎች ቀረጻ ለማውጣት የተሰጠኝ መመሪያ አብዛኛው ትክክል ነው። መጀመሪያ ፈጣኑ የርዕደ መሬት ሞገድ ፒ፣ ቀጥሎ ዘግይቶ የሚመጣው ኤስ የደረሰበትን ቅጽበት ምልክት አደረግኩ። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ፒ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኤስ ደግሞ 3.5 ያህል ይጓዛሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሴኮንድ 8.4 ኪሎ ሜትር ርቀት ይሆናል፤ 20 ሴኮንድ ማለት 168 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ የሚሠራው እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የጉዞ ጊዜ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ከዚያ በካርታ ላይ በየጣቢያው ዙሪያ በተገኘው ርቀት ክብ ይሣላል፤ ሦስቱ ክቦች የሚገናኙበት ነጥብ መነሻው ነው።

መመሪያው የጣቢያዎቹን ሰዓት አስቀድሞ ማመሳከርን ግዴታ ያደርጋል። ለዚህ ዘዴ ከንቱ ድካም ነው፦ ሁለቱም ሞገዶች በአንድ ሰዓት ስለሚለኩ፣ ሰዓቱ ቢዘገይም ቢፈጥንም ልዩነቱ ያው ነው።

ሥራው የተበላሸው ኤስ ላይ ነው። መመሪያው «ቁመታዊውን ቀረጻ ተጠቀሙ» ይላል፤ ይኸውም የመሬቱን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ የሚመዘግበውን ነው። አሁንም ያናድደኛል! ቁመታዊው ለፒ ጥሩ ነው፣ ለኤስ ግን ያሳስታል። ኤስ አለቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዝ ሞገድ ስለሆነ፣ ጣቢያው ላይ ከታች ሽቅብ ሲደርስ ጎልቶ የሚታየው በሁለቱ አግድም ቀረጻዎች ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ጣቢያው ወፍራም ደለል ላይ ከተተከለ፣ የኤስ ከፊሉ ከደለሉ ሥር ወደ ፒ ተለውጦ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቁመታዊው ላይ ኤስ መስሎ ይታያል። ያንን ምልክት ያደረገ ሰው ርቀቱን ያሳጥራል። 3 ሴኮንድ ብቻ መቅደም 25 ኪሎ ሜትር ያጎድላል፤ ክቦቹም ሳይነካኩ ይቀራሉ። መፍትሔው አግድሞቹን ወደ መነሻው አቅጣጫ ማዞርና ለአቅጣጫው ቀጤ ነክ በሆነው ላይ ማንበብ ነው። ሞገዱ ድንገት ገዝፎ ንዝረቱ ዘገምተኛ የሚሆንበት ቦታ ኤስ ነው።

ይህ ተስተካክሎም ክቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው መሃል ላይ ክፍት ቦታ ከተዉ፣ ጥፋቱ የንባብ ላይሆን ይችላል፤ ጥልቀት ነው። የተለካው ርቀት ምድር ውስጥ እስካለው መነሻ ድረስ ነው። መነሻው 100 ኪሎ ሜትር ጥልቅ ከሆነ፣ የ168ቱ ክብ በካርታ ላይ 135 ብቻ መሆን አለበት። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል የለውም፤ ለእኔ ግን የሥራው ፍሬ ይህ ነው። ፕሌቶች (የምድርን ውጫዊ ንጣፍ የሠሩት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ የአለት ቁራጮች) በሚለያዩበት የውቅያኖስ ሸንተረር ላይ መነሻዎቹ ከወለሉ ብዙም አይርቁም። አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር በሚገባበት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ እንዳለው እንደ ቶንጋ ባለ ስፍራ ግን እስከ 700 ኪሎ ሜትር ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ፤ ነጥቦቹ ራሳቸው ጠላቂውን ፕሌት ይስሉታል። ጃፓናዊው የርዕደ መሬት ተመራማሪ ኪዮ ዋዳቲ ጥልቅ ርዕደ መሬት መኖሩን በ1920ዎቹ ያሳየው እንዲህ ካሉ የጊዜ ልዩነቶች ተነሥቶ ነው። ፕሌቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚለቀው ውኃ በላዩ ያለውን ትኩስ አለት የመቅለጫ ሙቀት ያወርዳል፤ የእሳተ ገሞራዎቹ ሰልፍም ከዚያ በላይ ይቆማል።

ውጤታችሁን ከይፋዊ ዝርዝር ጋር ስታነጻጽሩ ጥልቀቱ ድፍን 10 ኪሎ ሜትር ተብሎ ከተጻፈ አትመኑት። ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ሊለይ ሳይችል ሲቀር በቋሚነት የሚሞላ ቁጥር ነው።