አንድ ዲግሪ በጢስ ዓባይ

አውቶቡሱ 12 ሰዓት ላይ ይመጣል ተብለን ገና ሳይነጋ ግቢው በር ላይ ተኮልኩለናል። የመጣው 1 ሰዓት ከሩብ ነው። ሹፌሩ ይቅርታም ምንም አላለ፤ «ግቡ፣ ግቡ» ብቻ።

ባሕር ዳር ለክረምት የሳይንስ ፕሮግራም ከገባን ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። ከየወረዳው ተለቃቅመን ስለመጣን ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም፤ በአገሩ ነው። እኔ ዳንግላ ነኝ። ቡድኔ ውስጥ ማርቆስ፣ ሞጣና ቢቸና አሉ። ቢቸና ሴት ናት፤ ከአራታችን በሒሳብ የምትበልጠው እሷ ናት፣ ይህንንም አሳምራ ታውቀዋለች።

የዕለቱ ሥራ አንድ ነው፦ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ቁመት በራሳችን መሣሪያ ለክቶ መመለስ። መሣሪያችንን ማታ ዶርም ውስጥ ሠርተናል። አንድ ፕሮትራክተር፣ መሀሉ ላይ የታሰረ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ ጠጠር፣ ጠፍጣፋው ጎን ላይ ደግሞ በፕላስተር የተለጠፈ የእስክሪብቶ ቀፎ። አንዱ በቀፎው አጮልቆ የፏፏቴውን አናት ያያል፤ ሌላው ክሩ ስንት ላይ እንዳረፈ ያነባል። ያን ከ90 መቀነስ ነው፤ የሚቀረው ዓይናችን ወደ አናቱ ቀና ያለበት ዲግሪ ነው።

ሞጣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ብቅ ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ማርቆስ አዲስ ነጭ ስኒከሩን ዘርግቶ፣ «ልንጎለጉል ነው እንዴ የምንሄደው?» አለው። ሞጣ ፈገግ ብሎ መስኮት ጥግ ተቀመጠ።

እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጭቃና ዘፈን ነበር።

ከከተማዋ በእግር ወርደን መጀመሪያ የደረስነው አላታ ድልድይ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ። ያ ሁሉ ዓባይ እዚያ ጋ ጠባብ ገደል ውስጥ ተጨምቆ ይሄዳል፤ ቁልቁል ሲያዩት ጉልበት ይከዳል። የሚመራን የሰፈሩ ልጅ ድንጋዩ የተጣበቀው በእንቁላል ነው አለን። ቢቸና ዙሪያውን አየት አድርጋ፣ «ኧረ ስንት ዶሮ ቢኖራቸው ነው?» አለች። ልጁ አኮረፈ። ቲቸር ኖራ የሚባል ነገር እንዳለ ሊያስረዳው ቢሞክርም አልሰማውም፤ አያቱ የነገሩት ይበልጥበታል፣ አልፈርድበትም።

ቡሄ ስለቀረበ እረኞቹ ጅራፍ ያጮሃሉ። ከገደሉ ማዶ አንዱ ጅራፉን አዙሮ ሲመታ እናያለን፣ ጩኸቱ ግን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ቲቸር ወዲያው ሰዓት አስያዘን። ግማሽ ሰከንድ ገደማ! ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚሄድ ልጁ ያለው 170 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ጅራፉ የሚጮኸው ደግሞ ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው ሲለን ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ዕድሜ ልኬን ቡሄ በመጣ ቁጥር ጅራፍ ሳጮህ ኖሬ ይህን አለማወቄ ገረመኝ።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ተጀመረ። ማርቆስ በአሥር እርምጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ተንሸራቶ እኔን ጠልፎ ይዞኝ ወረደ፤ ካልኩሌተሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሞጣ በኮንጎው ወጥቶ ከላይ ሆኖ ይጠብቀናል፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ስንደርስ 4 ሰዓት አልሞላም፣ ፀሐይዋም ለአፍታ ወጣች። ጢሱ ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግቷል። ከእኛ በታች! ሰማይ ላይ እንጂ ከእግሬ ሥር ቀስተ ደመና አይቼ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀስቱ የሚታየው ከራስህ ጥላ አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አያየውም፣ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ግን ያየዋል። ቢቸና፣ «እንግዲያው የእኔና ያንተ ቀስት አንድ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት።

ከዚያ ወደ ፏፏቴው ግርጌ ወርደን ሥራ ጀመርን። ካፊያው ፊት ላይ ይረጫል፣ ነፋሱ ክሩን ያወዛውዛል። መጀመሪያ ከቆምንበት፣ ከ90 ተቀንሶ፣ 24 ዲግሪ ወጣ፤ ሁላችንም ተስማማን። 20 ሜትር ወደ ኋላ ሄደን ደገምን። እኔ 21 አልኩ፣ ቢቸና 20 አለች።

«አንድ ዲግሪ ምን ያመጣል?» አለ ማርቆስ ጫማውን በቅጠል እየጠረገ።

ከሁለቱ ዲግሪዎችና ከ20 ሜትሩ ተነሥተን ሒሳቡን ሠራነው። በእኔ 21፣ የዓይናችን ቁመት ተጨምሮ፣ ፏፏቴው 57 ሜትር ሆነ። በእሷ 20፣ 41 ሜትር ተኩል። መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከ37 እስከ 45 ሜትር ነው። እኔ ግን እልህ ይዞኝ መጽሐፉ ተሳስቷል እስከ ማለት ደርሼ ነበር።

የገላገለን ሞጣ ነው። አባቱ ግንበኛ ናቸው። «አባዬ ቱምቢው በነፋስ ሲወዛወዝበት ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል» ብሎ አንድ ሃይላንድ በምላጭ ቆርጦ ውኃ ሞላበት፣ ክሩን አስረዝሞ ጠጠሩን ውስጡ ነከረው። ክሩ ቀጥ አለ። አምስት ጊዜ ለካን፤ አምስቱንም ጊዜ 20። ቢቸና ምንም አላለች። ዝምታዋ ነው ያናደደኝ።

ፍልሰታ ስለነበር ብዙዎቻችን እስከ 9 ሰዓት አንቀምስም። ሞጣ ሙስሊም ነው፣ ሊበላ ይችል ነበር፤ ግን ዳቦውን ከቦርሳው ሳያወጣ ጠበቀን። ሰዓቱ ሲደርስ ሣሩ ላይ ተቀምጠን የሽሮ ፍትፍትና ቆሎ ቀረበ። ቢቸና እየበላች ሒሳብ አላቆመችም፦ 1 ሜትር ኪዩብ ውኃ በየሰከንዱ ከ40 ሜትር ቢወድቅ፣ ምንም ሳይባክን ወደ 400 ኪሎ ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ይፈጃል ብንል ከ100 በላይ ምጣድ ያግላል። «አንድ ሜትር ኪዩቡ ብቻ!» እያለች በእንጀራዋ ወደ ፏፏቴው ትጠቁማለች።

ስንመለስ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻገርን። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ስንሠራ እንደዋልን ጠየቁን። ነገርናቸው።

«41 ተኩል?» አሉ። «ዛሬ ነው እሱ። በጋ ኑና ለኩት እስቲ፣ ልጆቼ።»

«አባባ፣ ቁመቱ በጋም ያው ነው እኮ» አልኩ።

«ውኃ ከሌለ የምን ቁመት ትለካለህ?»

ሞጣ ብቻ ሳቀ። ማርቆስ አልሰማም፤ ሰውዬው እግር ላይ ያለውን ኮንጎ ነበር የሚያየው። ከተማ እንደገባን ጉሊት ዳር አንድ ሱቅ ገብቶ ተከራከረና ገዛ። ባሕር ዳር ማታ ስንገባ ግቢውን ያቋረጠው ነጩን ስኒከር በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በኮንጎ ነው።